እትዬ መቀስ ዝም ስትል

የምንሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ መቀስ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ እኔን ሬዲዮ ብላኛለች፤ ስለዚህ ማናችንም በማናችን አንቀየምም። እሷ ቆራጭ ናት፣ እኔ ነጣፊ። ጨርቁን ከጣቃው እየፈታሁ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እነጥፋለሁ፤ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረብኩ፣ ጠርዙን ከጠርዝ እያስማማሁ፣ መጨማደዱን በመዳፌ እየጠረግኩ። ድርብርቡ ስንዝር ሲሞላ ንድፉ የተሳለበት ወረቀት ላዩ ላይ ይዘረጋል። እሷ የምትመጣው ያኔ ነው። ግራ እጇ ላይ የብረት ጓንቷን ታጠልቃለች፤ በቀኟ ያን ቀጥ ብሎ የቆመ የመቁረጫ ማሽን ትይዝና ስለቱን በመስመሩ ላይ ትነዳዋለች። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ሁሉም ከእሷ እጅ ስር ነው የሚወጣው።

ይህ ሥራ ቀልድ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ብትሳሳት አንድ ሸሚዝ ፈትታ ትሰፋለች። ቆራጭ ስትሳሳት ግን ከላይ እስከ ታች ያለው ድርብርብ አብሮ ይሳሳታል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ እጅጌያቸው ክርን ላይ ይቀራል። እትዬ መቀስ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርታ አታውቅም። እኔና እሷ አንድ ጠረጴዛ ስንይዝ ልጆቼ ገና ይድሁ ነበር፤ አሁን ሁለቱም በቁመት በልጠውኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለቷ ከመስመር ስትወጣ አላየሁም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የማይገባኝ። መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይላሉ፤ መብራቱ እስኪመለስ ሥራ የለም። ያኔ እኛ ሴቶቹ ወደ ጨርቅ መጋዘኑ ገብተን ጣቃዎቹ ላይ ጋደም እንላለን። ደህና ጥጥ የደረሰበት ቀንማ ከቤታችን አልጋ ይሻላል። እትዬ መቀስ ግን ጋደም ብላ አታውቅም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ትላለች።

«እትዬ፣ ወገብሽን አሳርፊው እንጂ!» እላታለሁ።

«እኔ ሰው ፊት አልተኛም» ትለኛለች።

ኩራት ነው ብለን አለፍነው። ለነገሩ ብትኮራም ያምርባት ነበር።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ጠዋት ጠዋት ግንባሯን በሻርፕ ጥፍር አድርጋ አስራ ትገባለች። አፏ ደርቆ ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች። ከድሮው ወፍራለች፤ አንገቷ የዩኒፎርሟን የላይኛውን ቁልፍ እምቢ ብሎታል። የምትናገረው ነገር መሃል ላይ ይጠፋባታል፤ ሳቅ ስንል ትቆጣለች። ያ ወፍራም ጥቁር ሻይዋ ፔርሙስ ሙሉ መጥቶ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል።

«አልተኛሽም እንዴ ማታ?» አልኳት አንድ ቀን።

«በጊዜ ነው የተኛሁት። መተኛቱ ነው መሰለኝ የሚያደክመኝ።»

ሳቅኩባት። ሰው ሠርቶ ይደክመዋል እንጂ ተኝቶ ይደክመዋል? እሷ ግን አልሳቀችም። እኔም ነገሩን በዚያው ረሳሁት።

ሳቄን ያስዋጠኝ ነገር የደረሰው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነበር። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን አሙቆታል። እሷ እጅጌ ትቆርጣለች፤ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀጥለውን ጣቃ እፈታለሁ። የማሽኑ ድምፅ አልተለወጠም። ቀና ስል ግን ስለቱ ከመስመሩ ወጥቷል፤ እጅጌውን አቋርጦ ወደ ግራ እጇ እየሄደ ነው። ፊቷን አየሁ። ዓይኖቿ ተከድነዋል። ሴትዮዋ ቆማ ተኝታለች!

ቆሌዬ ተገፈፈ። ስለቱ የብረት ጓንቱን ሲነካ አንድ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ አሰማ፤ እኔም በጠረጴዛው ዙሪያ መሮጡ ትዝ ሳይለኝ በላዩ ተንጠራርቼ ገመዱን ከሶኬቱ መነጨቅኩት።

ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆነሻል? ለምን አጠፋሽው?» አለችኝ፣ ጭራሽ ተቆጥታ።

መተኛቷን አላወቀችም። ጨርቁ ገደል ይግባ፤ እኔን ያስፈራኝ ይህ አለማወቋ ነው። ጓንቱ ላይ የተላጠውን ቦታ ሳሳያት ቀለሟ ተለወጠ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ዘረጋች።

ፎርማናችን ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሲናገር የሚያፍር ሰው ነው። የተበላሸውን ድርብርብ ገልጦ ገልጦ አየና ወደ ጎን ወሰዳት፤ እኔም ሬዲዮ አይደለሁ፣ ጆሮዬን ላክሁ።

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን ምን ያህል እንደማከብር ያውቃሉ» አላት። «ግን ይሄ ስለት ነው። አንድ ጊዜ ከደገመዎት ማሽኑን እቀበልዎና ክር ለቀማ አስገባዎታለሁ። ጣትዎን መሬት ላይ ከምለቅም እርስዎ ቢቀየሙኝ ይሻለኛል።»

ክር ለቀማ ማለት ተሰፍቶ ካለቀ ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር እየቆረጡ መዋል ነው። ገና የተቀጠሩ ልጆች ይጀምሩበታል፤ ዓይናቸው የደከመ ይጨርሱበታል። እትዬ መቀስ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወደ ልብስ መቀየሪያው ስትሄድ ተከተልኳት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

«አመመሽ?»

«አሁን አይደለም። ማታ ማታ ነው።» በሩን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልቤ ነው፣ ሬዲዮ። ከእንቅልፌ ብንን እላለሁ፤ ልቤ ፔዳሉ ተረግጦ እንደቀረ ስፌት ማሽን ይሮጣል። አየር ያጥረኛል። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቀስ እያለ ይረጋል። ተመልሼ ጋደም ስል ደግሞ ያው ነው። አሁን አሁን መተኛቱን ራሱን እየፈራሁት ነው፤ ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ ማደር ጀምሬያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ልጅሽ ታውቃለች?»

«አበድሽ?» አለችኝ። «እሷ እንዳትሰማ! በሞቴ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእሷና የአንድ ልጇ ነው። ልጅቷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ተሰናድታለች። እናቷን ልቧን እንደሚያማት ከሰማች ንቅንቅ እንደማትል ሁለታችንም እናውቃለን።

«ዱካክ ነው እባክሽ» አለችኝ፣ እኔን ለማጽናናት ብላ። «ብቻዬን መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ ለመደብኝ።»

«ዱካክ ከሆነ ዱካክ መሆኑን ሐኪም ይንገረን» አልኳት። አፌ ደፈር አለ እንጂ ፈርቼ ነበር። የጣቷ ነገር ወዲያው ከአእምሮዬ ወጣ። እህቴ ያልኳት ሰው አንድ ጠዋት ሳትነሳ ብትቀርስ?

ክሊኒኩ የሄድነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሐኪሙ መነጽር ያደረገ፣ የማይቸኩል ወጣት ነው። ደረቷ ላይ ሽቦ እየለጠፉ ልቧን መረመሩ፤ ያን ሰዓት የልቧ ምት ደህና ነበር። የደም ግፊቷ ግን ከፍ ብሏል። ጠዋት ራሷን እንደሚያማት፣ ሌሊት ደጋግማ ለሽንት እንደምትነሳ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚጥላት ጠየቃትና ሁሉንም አዎ አለችው። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ሲተኙ ያንኮራፋሉ፣ እናቴ?» አላት።

እትዬ መቀስ ሻርፗን አስተካከለች። «እኔ? ኧረ በፍጹም!»

እኔም ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ኧረ ዶክተር፣ እሷ እንኳን ልታንኮራፋ ጮክ ብላም አትስቅ!» ብዬ ጨመርኩበት። ዓይኗ ተከድኖ ያየኋት ያን ከስለቱ ጋር ያንቀላፋችበትን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ለጥቂት ቅጽበት። ጓደኛ ስትመሰክር እንዲህ ናት።

«ሌሊት ትንፋሽዎ ሲቋረጥ የሰማ ሰው የለም? አብሮዎት የሚተኛ?»

«ባለቤቴ ሞቷል» አለችው።

ይህ እውነት ነው። ከስስ የጣውላ ግድግዳ ማዶ ልጇ እንደምትተኛ ግን አልነገረችውም። ሐኪም የሚያክመው የነገሩትን ነው፤ ጭንቀት ሳይሆን አይቀርም ብሎ መለስተኛ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘላትና በቅርብ ቀን ተመልሳ እንድትመጣ ቀጠራት። ስንወጣ ሁለታችንም ቀለል ብሎን ነበር።

ኪኒኑ እንቅልፍ ሰጣት፤ እረፍት ግን አልሰጣትም። ጭራሽ ባሰባት። ጠዋት ስትገባ ከውሃ ውስጥ ጎትተው ያወጧት ትመስላለች። በዚያ ሰሞን እኔ ጨርቅ የምነጥፈው በአንድ ዓይኔ ነበር፤ ሌላው ዓይኔ እሷ ላይ ነው። ስለቱን በያዘች ቁጥር እጄን ሶኬቱ አጠገብ አኖራለሁ። ደከመች ብዬ ለፎርማኑ እንዳልናገር ማሽኗን ይነጥቃታል፤ ዝም እንዳልል ጣቷ ነው። ቤቴ ገብቼ እንኳ እራት አልወርድልሽ እያለኝ ባሌ «ምን ሆንሽ? ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዳችን መጋዘን ገባን። እትዬ መቀስም እንደ ልማዷ በርጩማዋ ላይ ቀጥ አለች። ጥቂት ቆይታ አንገቷ ዘንበል አለ፤ ትከሻዋ ተከተለው፤ ቀስ ብላ አጠገቧ ባለው ጣቃ ላይ ተንሸራታ በጀርባዋ ተዘረጋች። ወጣቶቹ ሠራተኞች በክርናቸው ተጎሻሸሙ። ማንኮራፋቱ ሲጀምር ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው! ያቺ ጮክ ብላ የማትስቅ ሴት!

ሴቶቹ በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። እኔም ስልኬን አወጣሁ። ክፋት አልነበረኝም፤ በኋላ አብረን የምንስቅበት ይሆናል ብዬ ነው። «ሬዲዮ የዛሬ ፕሮግራሟን ትጀምራለች» እያልኩ አፏ አጠገብ አድርጌ መቅዳት ጀመርኩ።

ድንገት ዝም አለች።

መጀመሪያ ሰምታን የነቃች መስሎን ትንፋሻችንን ዋጥን። አልነቃችም። ደረቷ ይነሳል፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መላ ሰውነቷ የሚታገል ይመስላል፤ በአፍንጫዋም በአፏም ግን ምንም አይገባ፣ ምንም አይወጣ። ሳቁ ከአንዷ ወደ አንዷ እየጠፋ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ፤ ወይም ፍርሃቴ ነው ያጠቆረብኝ፤ አላውቅም። ልነቀንቃት እጄን ስዘረጋ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደሚወጣ ሰው አንድ ከባድ ትንፋሽ ሳበች፤ አንኮራፋች፤ ሳትነቃ ተመልሳ ሰጠመች። ስልኩ እየቀዳ፣ በሌላው እጄ የእጇን አንጓ ያዝኩ። ደም ስሯ ከጣቶቼ ስር ይጋልባል። ያ ማታ ማታ ነው ያለችኝ ልብ በጠራራ ፀሐይ እጄ ላይ ነው። እንደገና ዝም ስትልማ አላስቻለኝም።

«እትዬ! እትዬ መቀስ! ተነሺ!»

ብድግ አለች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። «ልቤ!» አለች። ቀጥላ ዙሪያዋን የከበብናትን ሴቶች ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ተኝቼ ነበር እንዴ?... አንኮራፋሁ?»

ድንጋጤዋ አንጀቴን በላው። «የለም፣ እትዬ» አልኳት። «ዝም ብለሽ ነው የተኛሽው።» ሴቶቹ በሙሉ መሬት መሬት አዩ።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ሄድኩ። ሕፃናቱ ሄደዋል፤ እሷ ወለል ላይ የተበተነ የቀለም እርሳስ እየለቀመች አገኘኋት። «እናትሽ ሌሊት ታንኮራፋለች?» ስላት በሩን ዘጋችው።

«እንዳትነግሪያት፣ እቴቴ፣ በፈጠረሽ!» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ ዘመድ ቤት አድረን የቤቱ ልጆች ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኮራፋቷን እያስመሰሉ ሳቁባት። ቁርሱን ሳትጨርስ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለሐዘንም ሆነ ለደስታ ሰው ቤት አድራ አታውቅም። አባቴ እንኳ አንድ ቀን ሊቀልድባት ሞክሮ ሰንበት ድረስ አኮረፈችው። እኔ የሰማሁትን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። መንደሩ ሁሉ የሰማውን እሷ ብቻ አልሰማችም።

«መሃል ላይ ትንፋሿ ሲቆምስ?» አልኳት።

ልጅቷ እርሳሶቹን በየቀለማቸው መደርደር ጀመረች። «እሱን... እንጃ» አለች፣ ሳታየኝ።

የእናቷን አደራ በላሁ። የልቧን ነገር ከነስለቱ፣ ከነጓንቱ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። የሕፃናቱ አንዲት ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ አገጯ ደረሰ። በቀጠሮው ቀን አብራን እንደምትሄድና ለሐኪሙ ራሷ እንደምትናገር ቃል ገባችልኝ። ስልኬ ውስጥ ያለውንም ነገርኳት፤ ልትሰማው ግን አልፈለገችም።

በቀጠሮው ቀን እትዬ መቀስ ልጇን ክሊኒኩ በር ላይ ስታይ ወደ እኔ የወረወረችው ዓይን ከስለቷ ይብሳል። «አንቺን ማመኔ!» አለችኝ። «ሬዲዮ ያልኩሽ እኔው ነኝ፤ የሠራሁትን ሥራ!» ተራችን እስኪደርስ አላናገረችኝም። ልጅቷ መሃላችን ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ሐኪሙ ኪኒኑ እንዴት እንዳደረጋት ጠየቀና ግንባሩን አኮሳተረ። «ይቅርታ፣ ደግሜ ልጠይቅዎት» አለ። «በእንቅልፍ ልብዎ ያንኮራፋሉ? ትንፋሽዎስ ይቋረጣል?»

«ነገርኩህ እኮ ልጄ፣ አላንኮራፋም» አለች። ይህን ስትል ሐኪሙን አላየችውም፤ ልጇን ነው ያየቻት።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። እኔም አልፈረድኩባትም። ወላጅ እናትሽን በባዳ ሰው ፊት ዋሸሽ ማለት በቀላሉ አይወጣም፤ ምላስ ይታሰራል። ሐኪሙ ብዕሩን አነሳ። አሁን ካልተነገረ ያንኑ ኪኒን ጨምሮ ሊያዝላት ነው፤ እሷም ውጣው ልትተኛ ነው። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬን ይዟል። ካወጣሁት ያን ሁሉ ዘመን የያዝነውን ጠረጴዛ ማጣቴ ነው። ይቅር አትለኝም። አወቅኩት፤ አወጣሁትም።

«ዶክተር፣ ይህን ስማልኝ» አልኩና ተጫንኩት።

ጭነት መኪናው ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እትዬ መቀስ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥላ ጨርሶ ያልጠበቅኩት ሳቅ አመለጣት። «ወይ ጉድ! ባልሽን ነው የቀዳሽው? ምስኪን!» አለችኝ። የሚስቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ድምፁ ተቋረጠ።

«አለቀ?» አለች።

«አላለቀም» አላት ሐኪሙ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

ጠበቀች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ ስልኩ ተጠጋች፤ ጆሮዋን አዘነበለች። እኔ የማውቀው ዝምታ ነው፤ ግን ያን ጊዜም እንደ መጀመሪያው ቀን ትንፋሼን ያዝኩ። እሷም የራሷን ትንፋሽ ይዛ ነበር፤ አንገቷ ላይ ያለው ስር ሲገተር አየሁት።

«ምነው ይሄ ሰው?» አለች። አሁንም ዝም። «ምነው አይተነፍስም?» አሁንም ዝም። ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ተንፍስ! ተንፍስ እንጂ አንተ ሰው!»

ከስልኩ ውስጥ ያ ከባድ ትንፋሽ ተሳበ። እሷም አብራ ተነፈሰች። «ተመስገን» አለች፤ ግንባሯ አልቦታል። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያደርገው? ምነው ሳትቀሰቅሺው?»

ያን ጊዜ የእኔ ድምፅ መጣ። እትዬ! እትዬ መቀስ! ተነሺ! ከዚያ የእሷ የራሷ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፦ ልቤ!

እጇ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ስልኩ ቀጠለ። አንኮራፋሁ? የለም፣ እትዬ፤ ዝም ብለሽ ነው የተኛሽው። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

እትዬ መቀስ «እኔ ነኝ?» አለች። የጠየቀችው እኔን አይደለም፤ ልጇን ነው። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገና ቀስ ብሎ ተናገረ። ሲተኙ ጉሮሮ ላላ ብሎ የአየር መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ሰውነት አየር ሲያጣ ተደናግጦ ተኚውን ሳያውቀው እንደሚያባንነው፣ ልብም የሚጋልበው ያኔ ሊሆን እንደሚችል ነገራት። በድምፅ ብቻ ግን አይፈረድም አለ፤ አንድ ሌሊት መሣሪያ ተደርጎላት ተኝታ ትንፋሿ መለካት አለበት፤ ልቧም በራሱ ችግር እንዳለበትና እንደሌለበት ቀንና ሌሊት የሚከታተል መሣሪያ ይታሰርላታል። ኪኒኑ ጉሮሮን ይበልጥ ሊያላላ ስለሚችል ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ እስከዚያው በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ትተኛ። የትንፋሿ ጉዳይ ከሆነም መድኃኒት ያለው ነገር ነው። ደረቷን ከወጋት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።

«ሌላው ደግሞ» አላት፣ «ይሄ እስኪታወቅ ከስለቱ አጠገብ አይቁሙ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። «እሺ» ብቻ አለችው።

የልጅቷን ማልቀስ የሰማሁት ያኔ ነው። ቦርሳዋን አቅፋ ታለቅሳለች። «እማ» አለች። «እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ማንኮራፋትሽ አላስተኛ ሲለኝ ዝም እስክትዪ ነበር የምጠብቀው። ዝም ስትዪ፣ ተመስገን አሁን ገና እረፍት አገኘች እልና እኔም እተኛለሁ።»

እትዬ መቀስ ልጇን አየቻት። አልተቆጣችም፤ አላፈረችም። እጇን ዘርግታ የልጅቷን ፊት በመዳፏ ጠረገችው።

«እኔም እኮ አንቺ እስክትተኚ ነበር የምጠብቀው» አለቻት። «ልቤን ይዤ ስነሳ እንዳትሰሚኝ ብዬ።»

እኔ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እያዩኝ ግድግዳው ሥር ቆሜ አለቀስኩ።